«ላቲኖ» የሚባሉት ሰዎች ላቲን ይናገራሉን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከባሕር ዳር ተነሥቼ ወደ ጣና ደሴቶችና ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዶችን በጀልባ የማደርስ አስጎብኚ ነኝ። በአንድ ጉዞ ላይ ከኮሎምቢያ፣ ከብራዚል፣ ከስፔንና ከጣሊያን የመጡ እንግዶች ገጠሙኝ። ኮሎምቢያዊቷ ‹እኔ ላቲና ነኝ› ስትል ጣሊያናዊው ‹የላቲን አገሩ የእኛ ነው፤ እውነተኛው ላቲን እኔ ነኝ› አላት። ስፔናዊው ‹ቋንቋውን ያወረስናችሁ እኛ አይደለንም ወይ?› ብሎ ጣልቃ ገባ። ብራዚላዊው ደግሞ አንዴ ‹ነኝ› አንዴ ‹አይደለሁም› እያለ ከሁሉም ጋር ተሟገተ። ክርክሩ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እስክንደርስ አላለቀም፤ በመጨረሻም አገር አስጎብኚ ነህና ፍረድ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ለመሆኑ ‹ላቲኖ› የሚለው ስም ከየት መጣ? ከላቲን ቋንቋ ጋርስ ምን ያገናኘዋል? ከአራቱስ ትክክል የነበረው ማን ነው?»
አስጎብኚ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በጀልባዎ ላይ የተሟገቱት እንግዶች አራቱም ከሞላ ጎደል ልክ ነበሩ። ያላግባባቸው ነገር አንዱን ስም እያንዳንዳቸው በተለያየ ዘመን በነበረው ትርጉም መያዛቸው ነው። አጭሩን መልስ ለማስቀደም ያህል፣ ላቲኖ የሚባል ሰው ላቲን አይናገርም፤ ላቲንን ዛሬ በአፍ መፍቻነት የሚናገር ሕዝብ በዓለም ላይ የለምና። «ላቲኖ» በስፓኒሽ «ላቲኖአሜሪካኖ»፣ ማለትም «የላቲን አሜሪካ ሰው» የሚለው ረጅም ስም ሲያጥር የቀረ ነው። «ላቲን አሜሪካ» የሚለው ስያሜ ራሱ ደግሞ ከሮም ቄሳሮች የወረደ ሳይሆን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓሪስ ከተማ በተሰደዱ ደቡብ አሜሪካውያን ለፖለቲካ ዓላማ የወጣ ነው። ስለዚህ የቃሉን ሥር ሮም ላይ፣ ስም አውጪዎቹን ግን ፓሪስ ላይ መፈለግ ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከሥሩ እንጀምር። በጣሊያን መካከለኛ ክፍል፣ ከቲቤር ወንዝ በስተደቡብ ያለው ሜዳማ ምድር በጥንት ጊዜ ላቲዩም ይባል ነበር። የእግር ኳስ ወዳጆች ይህን ስም ሳያውቁት ያውቁታል፤ የሮም ከተማው ክለብ ላዚዮ የተሰየመው በዚሁ አውራጃ ሲሆን፣ «ላዚዮ» ማለት የጥንቱ «ላቲዩም» በዛሬው የጣሊያንኛ አነጋገር ማለት ነው። በዚያ ምድር የሰፈሩት ነገዶች ላቲኖች፣ ቋንቋቸውም ላቲን ተባለ። ሮም ከላቲኖች ከተሞች አንዷ እንጂ የሁሉም እናት አልነበረችም፤ እየበረታች ስትሄድ ግን ከዘመዶቿ ጋር ተዋግታ አሸነፈቻቸውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ338 ዓመት የላቲኖችን ኅብረት አፈረሰች። ቋንቋው ግን የተሸናፊዎቹም የአሸናፊዋም ስለነበረ፣ ሮማውያን በደረሱበት ሁሉ «ላቲን» ተብሎ አብሯቸው ሄደ። «ሮማይስጥ» የሚለው የእኛ የቆየ መጠሪያ ከዚህ አንጻር ሲታይ ደግ ምርጫ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 በመስቀሉ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በግሪክ ነበር ሲባል፣ ሮማይስጥ የተባለው ይኸው ላቲን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለጥያቄዎ ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል። ሮማውያን «ላቲን» የሚለውን ስም የሕግ ደረጃ አደረጉት። ሙሉ የሮም ዜግነት ያልተሰጠው፣ ነገር ግን ከተራ ተገዢ ከፍ ያለ መብት የተፈቀደለት ማኅበረሰብ «የላቲን መብት» አለው ይባል ጀመር። ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን መብት ለመላው ሂስፓኒያ፣ ማለትም ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል ለሚባለው ምድር ሰጠ። እንግዲህ ላቲዩምን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ አያቶቹም ሌላ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ የሂስፓኒያ ከተማ ነዋሪ በሕግ ፊት የላቲኖች ወገን ሆነ። ስሙ ከደምና ከአጥንት የተላቀቀው ገና ያኔ ነው። ዛሬ «የፔሩ ሰው እንዴት ላቲን ይባላል?» ብለን ስንገረም፣ ይህ ነገር ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል እንዳልቀረው መርሳት የለብንም።

የቋንቋው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይሄዳል። በግዛቱ ሁሉ ወታደሩ፣ ነጋዴውና ገበሬው የሚናገረው ላቲን ከመጻሕፍቱ ላቲን ቀስ በቀስ እየራቀ፣ ከምዕራብ ሮም መንግሥት ውድቀት በኋላም በየአገሩ ለየብቻው እየተለወጠ ሄደ። በ813 በቱር ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ካህናቱ ሕዝቡ በሚሰማው የአገሬው አነጋገር እንዲሰብኩ ማዘዛቸው፣ ምእመናኑ የቤተ ክርስቲያኑን ላቲን መስማት እየተሳናቸው እንደነበር ያሳያል። ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ካታላንኛና ሮማንያኛ የተወለዱት በዚህ መንገድ ነው። እርስዎ የጣና ሰው ነዎትና አንድ ቃል ብቻ ልጥቀስ። ሐይቅ በላቲን «ላኩስ» ነው፤ በስፓኒሽ፣ በፖርቱጋልኛና በጣሊያንኛ «ላጎ»፣ በፈረንሳይኛና በሮማንያኛ «ላክ» ሆኗል፤ ጣሊያኖችም የእኛን ሐይቅ በካርታቸው ላይ «ላጎ ታና» ብለው ይጽፉታል። አራቱ እንግዶችዎ በየቋንቋቸው ስለ ጣና ቢያወሩ ኖሮ፣ ቢያንስ በዚህ ቃል ላይ ባልተጣሉ ነበር።

እኛም ብንሆን ከላቲን ጨርሶ የራቅን አይደለንም። በጣሊያንኛ በኩል ወደ አማርኛ የገቡት «ፋብሪካ»፣ «ፖስታ»፣ «ቪላ» እና «ፎርኖ» ሥራቸው ላቲን ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አድራሻ ለባጃጅ ሹፌር የሚናገር ሰው የጥንት ሮማዊ የእጅ ባለሙያ ሥራ ቤቱን ይጠራበት የነበረውን ቃል መጥራቱ ነው። ይህ ግን ባሕር ዳሬን ላቲኖ እንደማያደርገው ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አባባልን ማረም ያስፈልጋል። «ላቲን ለስፓኒሽ ማለት ግዕዝ ለአማርኛ ማለት ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ላቲንም እንደ ግዕዝ የዕለት መነጋገሪያነቱ ካበቃ በኋላ የቅዳሴ፣ የትምህርትና የሕግ ቋንቋ ሆኖ ለብዙ ዘመናት ኖሯል። ካቶሊካውያን ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፊት፣ ማለትም እስከ 1960ዎቹ ድረስ፣ በአብዛኛው ዓለም የሚቀድሱት በላቲን ነበር። የውጭ ሊቃውንት የእኛን ቋንቋዎች እንኳ ያጠኑት በላቲን እየጻፉ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን መሠረት አድርጎ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነበር፤ ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ዲልማን በ1865 ያወጣው ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ በላቲን የተፈታ በመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የግዕዝ ተመራማሪ ላቲን ለመቁጠር ይገደዳል። ሌላው ግማሽ ግን አይገጥምም። ስፓኒሽ የላቲን ቀጥተኛ ልጅ ሲሆን፣ አማርኛ ግን የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ከግዕዝ በቀጥታ የተወለደ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው።

ስሙ ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ በፊት ሌላ መንገድም ሄዷል፤ ይህኛው መንገድ በጣና ዳርቻም አልፏል። የምሥራቅ ክርስቲያኖች የሮምን ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ቅዳሴያቸው በላቲን ስለነበረ ብቻ «ላቲኖች» ይሏቸው ነበር። የመስቀል ጦረኞች በ1204 ቁስጥንጥንያን ዘርፈው ያቆሙት መንግሥት እስከ 1261 «የላቲን መንግሥት» እየተባለ ቆየ። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ ወገኖቻችንም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ከግሪኮች፣ ከአርመኖች፣ ከግብፃውያን፣ ከሶርያውያንና ከእኛው መነኮሳት ጋር ድርሻ ያላቸው ካቶሊካውያን እስከ አሁን «ላቲኖች» እንደሚባሉ ያስታውሳሉ። በጎርጎራ ያረፈው ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1618 ግሽ ዓባይን ያየውና በ1622 የሞተው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ሚስዮናዊ፣ የተወለደው ስፔን፣ መጽሐፉን የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው፤ በዚህ የቆየ አነጋገር እርሱም ላቲን ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የላቲንን ሥርዓት በግድ ለመጫን መሞከሩ አገሩን ደም አፋሰሰ፤ አፄ ሱስንዮስም በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ። የአገሬው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ እነዚህን ሰዎች የጠራቸው «ላቲን» ብሎ ሳይሆን «ፈረንጅ» ብሎ ነው። ይህም ቢሆን መነሻው ፍራንክ የተባለ የአንድ ነገድ ስም ሲሆን፣ በዓረቦች በኩል ተሻግሮ ነጭ የተባለ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። የአንድ ጠባብ አውራጃ ስም ሌላ ክፍለ ዓለም ደርሶ ሲገኝ የሚገርመው አንባቢ፣ ኮሎምቢያዊቷን ልጅ ወደብ ላይ ያሉ ሕፃናት ምን ብለው እንደሚጠሯት ያስብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የስፔንና የፖርቱጋል ቅኝ የነበሩት የአሜሪካ አገሮች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አብዛኞቹ ነጻ ሲወጡ የጋራ መጠሪያ አልነበራቸውም። «የስፔን አሜሪካ» እንዳይባሉ ከስፔን ጋር ተዋግተው ደም አፍስሰዋል፤ «አሜሪካ» ብቻ የሚለውን ስም ደግሞ በሰሜን ያለችው ጎረቤታቸው እየጠቀለለችው ሄደች። በዚያው ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ሕዝቦችን በቋንቋ ዘር የመክፈል ልማድ ተስፋፍቶ፣ «የላቲን ዘር»፣ «የጀርመን ዘር»፣ «የስላቭ ዘር» የሚል ንግግር በየጋዜጣው ይጻፍ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቫሊዬ ከሰሜን አሜሪካ ጉዞው በኋላ በ1836 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአውሮፓ መከፋፈል በአዲሱ ዓለምም ተደግሟል፣ ሰሜኑ ፕሮቴስታንትና አንግሎ ሳክሰን፣ ደቡቡ ካቶሊክና ላቲን ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሰዎች መጠሪያ ለመሆን ግን የሚገፋው ነገር ያስፈልገው ነበር።

የገፋው ነገር ፍርሃት ነው። ከ1846 እስከ 1848 በተደረገው ጦርነት ዩናይትድ ስቴትስ የሜክሲኮን ግዛት ግማሹን ያህል ወሰደች። በ1855 ደግሞ ዊልያም ዎከር የተባለ የቴነሲ ሰው የግል ወታደሮቹን አስከትሎ ኒካራጓ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ራሱን ፕሬዚዳንት አስብሎ በአገሪቱ ቀርቶ የነበረውን ባርነት በሕግ መለሰው። አንድ ዘራፊ አገር ቢይዝ ሰው ሊገርመው ይችላል፤ ደቡብ አሜሪካውያንን ያንቀጠቀጣቸው ግን በግንቦት 1856 የዋሽንግተን መንግሥት ለዚሁ ሰው አገዛዝ ዕውቅና መስጠቱ ነበር። በቀጣዩ ወር፣ በሰኔ 1856፣ ከአገሩ ተሰዶ ፓሪስ የነበረው ቺሊያዊው ፍራንሲስኮ ቢልባዎ ለወገኖቹ ባሰማው ንግግር፣ ከሰሜን የመጣውን አደጋ ለመመከት ሕዝቦቹ ሁሉ እንዲተባበሩ ሲጠራ «ላቲን አሜሪካ» የሚለውን ስም ተጠቀመ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ኮሎምቢያዊው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶ «ሁለቱ አሜሪካዎች» በሚለው ግጥሙ የላቲን አሜሪካን ሕዝብ ከሳክሰኖቹ ፊት ለፊት የቆመ አድርጎ ሣለው፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን ሲያስፋፋ ኖረ። ዎከር በ1860 ሆንዱራስ ውስጥ በጥይት ተደብድቦ ሞተ፤ እርሱን በመፍራት የተወለደው ስም ግን ቀረ።

ብዙ ጽሑፎች «ስሙን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው» ብለው የሚያልፉት የኋላውን ብቻ አይተው ነው። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ በ1862 ሜክሲኮን ሲወርር፣ ፈረንሳይ የላቲን ሕዝቦች ታላቅ እኅት ነችና ልትጠብቃቸው ይገባል የሚል ምክንያት ለወረራው ተፈልጎለት ነበር፤ ያ ሸቫሊዬም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ኦስትሪያዊው መስፍን ማክሲሚሊያን ሜክሲኮ ላይ ነገሠ፤ በሰኔ 1867፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመውደቃቸው ዓመት በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በኬሬታሮ ከተማ ተረሸነ። ስለዚህ ፈረንሳዮች ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ ደቡብ አሜሪካውያን ለመከላከያ ያወጡትን ስም ለማጥቂያ መዋስ ነው። ቢልባዎ ራሱ በሕይወት ሳለ ይህን ወረራ አጥብቆ አውግዟል። በእኔ በኩል ስሙን የወለዱት ስደተኞቹ ናቸው፣ ፈረንሳዮች ያሳደጉት ለራሳቸው ጥቅም ነው የሚለው አገላለጥ ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። «ላቲኖአሜሪካኖ» በስፓኒሽ ተናጋሪዎች አፍ «ላቲኖ» እየሆነ አጠረ፤ ለወንድ «ላቲኖ»፣ ለሴት «ላቲና» ተባለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ የሚኖሩ ስደተኞችና ልጆቻቸው መጠሪያ ሆኖ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ፤ ሙዚቃውና ዳንሱ ደግሞ ስሙን በመላው ዓለም አዞረው። የእንግዶችዎን ክርክር ስንዳኝ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ጣሊያናዊው በሥርወ ቃል ባለቤት ነው፤ ዛሬ ግን ላቲኖ ሲባል ጣሊያናዊ የሚያስብ የለም። ስፔናዊው ቋንቋውን ያሻገረ አገር ሰው ነው፤ ነገር ግን ስያሜው ከስፔን የተለየ ማንነት ለማቆም የወጣ በመሆኑ ላቲኖ አይባልም። ኮሎምቢያዊቷ የቶሬስ ካይሴዶ አገር ልጅ እንደመሆኗ ስሙ በሚገባ ይገባታል። ብራዚላዊው መወላወሉ አያስፈርድበትም፤ አገሩ የላቲን አሜሪካ ትልቋ አገር ብትሆንም ቋንቋዋ ፖርቱጋልኛ ነው፤ ብዙ ብራዚላውያንም «ላቲን አሜሪካ» ሲባል በዙሪያቸው ያሉትን የስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸውን ማሰብ ይቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ «በደርግ ዘመን በልጅነቴ ኩባ ተልኬ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስፓኒሽ ዛሬም አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ‹አያታችን ላቲኖ ነው› እያሉ ይቀልዱብኛል። ቋንቋውን መናገር በቂ ከሆነ ልቀበለው፤ ካልሆነም መልስ የምሰጥበትን ስጡኝ።»
ጡረተኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አባታችን፣ ቋንቋው ብቻውን አይበቃም። ኩባ ከተማሩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ እንደመሆንዎ ከብዙ የላቲኖ ልጆች የተሻለ ስፓኒሽ ሊናገሩ ይችላሉ፤ ዩናይትድ ስቴትስ ተወልደው ያደጉ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩ፣ ግን ራሳቸውን ላቲኖ የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸውና። ወሳኙ የትውልድ ሐረግ ከላቲን አሜሪካ መሆኑ ነው። ለዚህም ነው ስሙ ከቆዳ ቀለም ጋር የማይገጥመው፤ እርስዎ ያዩዋቸው ኩባውያን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ልጆችም፣ ከስፔን የሄዱ ነጮች ልጆችም፣ የሁለቱ ቅልቅሎችም ነበሩ፤ ሁሉም ላቲኖ ናቸው።

ስሙ የሚጠበው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በፔሩና በቦሊቪያ ኬችዋና አይማራ፣ በፓራጓይ ጓራኒ፣ በሜክሲኮ ናዋትል፣ በጓቲማላ የማያ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሚሊዮኖች አሉ፤ ቋንቋቸው ከላቲን ጋር ዝምድና የለውም፤ አባቶቻቸውም በዚያ ምድር የኖሩት ኮሎምበስ ከመድረሱ በፊት ነው። የ1856ቱ ስደተኞች «የላቲን ዘር» ብለው ሲጽፉ እነዚህን ሰዎች አላማከሯቸውም። ይልቁንም በመካከለኛው አሜሪካ ከላቲን የተወለደ ሌላ ቃል፣ «ላዲኖ»፣ ስፓኒሽ የሚናገረውን ሰው ከነባሩ ሕዝብ መለያ ሆኖ ኖሯል። ከስፔን በ1492 የተባረሩት አይሁድ ይዘውት የተሰደዱት የስፓኒሽ ቋንቋም ላዲኖ እየተባለ ይጠራል። ካርታው ራሱም ወጥ አይደለም፤ ሱሪናምና ጉያና በደቡብ አሜሪካ ቢገኙም የሆላንድና የእንግሊዝ ቅኝ ስለነበሩ ከላቲን አሜሪካ አይቆጠሩም፤ ሄይቲ ፈረንሳይኛ ስላላት ብዙ ጊዜ ትቆጠራለች፤ ካናዳ ውስጥ ያለችው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ኩቤክ ግን አትቆጠርም። ለልጅ ልጆችዎ «አያታችሁ ስፓኒሽ ተናጋሪ ኢትዮጵያዊ ነው» ብለው ይመልሱላቸው።

ጥያቄ፦ «ልጄ አሜሪካ ትኖራለች፤ ባሏ የዶሚኒካን ሰው ነው። ልጃቸውን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ ‹ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነው?› የሚል ጥያቄ ፎርሙ ላይ አግኝታ ምን ልሙላ ብላ ደወለችልኝ። ሁለቱ ስሞች ልዩነታቸው ምንድን ነው? የልጅ ልጄስ ጥቁር ነው ወይስ ላቲኖ?»
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱ ስሞች በመንግሥት ወረቀት ላይ አንድ ላይ ይጻፉ እንጂ ሥራቸው ይለያያል። ሂስፓኒክ ከላይ ከጠቀስነው ሂስፓኒያ ከሚለው የጥንት የስፔን ስም የመጣ ሲሆን ከስፔንና ከስፓኒሽ ቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ላቲኖ ደግሞ ከላቲን አሜሪካ ምድር ጋር። የስፔን ሰው ሂስፓኒክ ነው፣ ላቲኖ አይደለም፤ የብራዚል ሰው ላቲኖ ሊባል ይችላል፣ ሂስፓኒክ አይደለም፤ አማችዎ ግን ዶሚኒካዊ ስለሆኑ በሁለቱም ይጠራሉ።

የአሜሪካ ምክር ቤት እነዚህን ሕዝቦች የሚመለከት መረጃ እንዲሰበሰብ በ1976 ሕግ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የመንግሥት መመሪያ «ሂስፓኒክ» የሚለውን ስም መደበኛ አደረገው፤ በ1980ው የሕዝብ ቆጠራም ሁሉም ነዋሪ ስለዚሁ ተጠየቀ። ስሙ ከቢሮ የመጣና ወደ ቀድሞ ቅኝ ገዢ የሚመልስ ነው የሚል ቅሬታ ስለበዛ፣ በ1997 መመሪያው ሲሻሻል «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ» ሆነ። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 62.1 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ስም ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ራሳቸውን ሲጠሩ የአገራቸውን ስም፣ ሜክሲኳዊ፣ ኩባዊ፣ ዶሚኒካዊ የሚለውን ያስቀድማሉ። በቅርብ ዓመታት የወንድና የሴት መለያውን ለማስቀረት «ላቲንኤክስ» የሚል አጠራር በተማሩ ሰዎች ዘንድ ቢጀመርም፣ በተራው ሰው አፍ አልገባም።

የልጅ ልጅዎን በሚመለከት አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አያስፈልግም። በ1977ቱና በ1997ቱ መመሪያዎች ላቲኖነት ከዘር የተለየ ጥያቄ ስለነበረ፣ አንድ ሰው በአንደኛው ጥያቄ «አዎ፣ ላቲኖ» ብሎ በሁለተኛው «ጥቁር» የሚለውን መምረጥ ይችል ነበር። በ2024 በወጣው ማሻሻያ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እንዲሆኑ ታዟል፤ የሚስማማውን ሁሉ ምልክት ማድረግ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ልጅዎ የድሮው ዓይነት ፎርም ከደረሳት በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ»፣ በሁለተኛው «ጥቁር» ትበል፤ አዲሱ ዓይነት ከሆነ ሁለቱም ሳጥኖች ላይ ምልክት ታድርግ፤ ዝርዝር መጻፊያ ቦታ ካለውም «ዶሚኒካን» እና «ኢትዮጵያዊ» ብላ ታስገባ። መልሱ የቤተሰቡ ምርጫ ነው፤ የቆጠራው አሠራር ሰውየው ስለራሱ የሰጠውን መልስ ይመዘግባል እንጂ ማስረጃ አይጠይቅም።